በቻይና ባቡር ያለ አስተርጓሚ መሄድ፦ ከደሴና ከኮምቦልቻ ለምትነሱ

ከደሴና ከኮምቦልቻ ዕቃ ለማምጣት ቻይና የሚሄዱ ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁኝ አንድ ነገር አለ። «አውሮፕላኑስ ግድ የለም፤ ባቡሩ ላይ ግን እንዴት ልሆን ነው? ቋንቋቸውን አልሰማ፣ ፊደላቸውን አላነብ።» ልጃቸው እዚያ የትምህርት ዕድል ያገኘላቸው ወላጆችም ይህንኑ ይጠይቁኛል። በስልክ ማስረዳቱ ስላልበቃ ሁሉንም በቅደም ተከተል ጻፍኩት።

አብሽሩ። የቻይናን ባቡር ለመሳፈር ቻይንኛ ማንበብ አያስፈልግም። ሦስት ነገር ማመሳሰል ከቻላችሁ ይበቃል፦ የባቡሩ ቁጥር፣ የጣቢያው ሙሉ ስምና የመነሻው ሰዓት። ቁጥሩ ሁላችንም የምናውቀው ቁጥር ነው። የባቡሩ መለያ ፊደልም በላቲን ነው የሚጻፈው። በምሳሌነት የምወስደው ከጓንዡ ከተማ ወደ ገበያዋ ከተማ ወደ ዪዉ የሚደረገውን ጉዞ ነው። የኛ ሰው አብዝቶ የሚሄድበት መንገድ ስለሆነ ነው እንጂ አሠራሩ በሌሎቹም ከተሞች ያው ነው።

የምትይዙት

- ዋናው ፓስፖርት። በኮፒ ወይም በስልክ ፎቶ ባቡር ላይ መሳፈር አይቻልም።
- የፓስፖርቱና የቪዛው ኮፒ፣ ከፓስፖርቱ ተለይቶ በሌላ ቦርሳ የተቀመጠ። ፓስፖርት ቢጠፋ ፖሊስ ጋም ቆንስላ ጋም የሚያስፈልገው እሱ ነው።
- ኢንተርኔት ያለው ስልክና ፓወር ባንክ።
- ጥሬ ዩዋን (የቻይና ገንዘብ)፣ ቢያንስ ለአንድ ቲኬትና ለአንድ ታክሲ የሚበቃ።
- የምታርፉበት ሆቴል አድራሻ በቻይንኛ የተጻፈ።
- ትንሽ ማስታወሻ ደብተርና እስክሪብቶ።
- መክደኛ ያለው ኩባያ። ለምን እንደሚያስፈልግ ደረጃ 9 ላይ ታገኙታላችሁ።

ከሁሉ በፊት አንድ ማስጠንቀቂያ

ጫት በቻይና በሕግ የተከለከለ አደንዛዥ ዕፅ ነው። ትኩሱም ደረቁም ያው ነው። «ለራሴ ነው፣ ትንሽ ነው» ማለት ከእስር አያድንም። ሰው «ለእንትና አድርስልኝ» ብሎ የሰጣችሁን የታሸገ ዕቃም ሳትከፍቱና ሳታዩ አትቀበሉ። የባቡር ጣቢያው በር ላይ ሻንጣ ሁሉ በማሽን ያልፋል። የተገኘው ነገር የሚቆጠረው በሻንጣው ባለቤት ላይ ነው።

ደረጃ 1፦ ስልካችሁን እዚሁ ቤታችሁ አዘጋጁ

ቻይና ከገባችሁ በኋላ በአገሩ መደበኛ ኢንተርኔት ላይ ቴሌግራም፣ ዋትስአፕ፣ ፌስቡክና ጉግል አይሠሩም። ስለዚህ የሚያስፈልጋችሁን ከደሴ ወይም ከኮምቦልቻ ሳትነሱ ጫኑ። ሦስቱን አትርሱ፦ ዊቻት ለመገናኛ፣ አሊፔይ ለክፍያ፣ 12306 ለባቡር። 12306 የቻይና ባቡር መሥሪያ ቤት መተግበሪያ ነው፤ በእንግሊዝኛም ይሠራል።

ቤተሰባችሁም ዊቻት ይጫን። አለዚያ ደርሳችሁ «ገብቻለሁ» ለማለት እንኳ መንገድ ታጣላችሁ፤ እዚህ ያለው ሰውም በሐሳብ ያልቃል።

12306 ላይ ስትመዘገቡ ስማችሁን ፓስፖርቱ ላይ እንዳለው፣ ፊደል ሳታጎድሉ አስገቡ። በየሰነዱ ስማችን አጻጻፉ ይለያያል፤ «መሐመድ» ብቻውን በላቲን ስንት ዓይነት ይጻፋል። እዚህ ቦታ ትክክለኛው አጻጻፍ አንድ ነው፤ እሱም የፓስፖርቱ። የፓስፖርት ቁጥሩ ውስጥ ዜሮና «ኦ» የተባለችው ፊደል እንዳይምታቱባችሁ። ምዝገባው ፓስፖርታችሁ እስኪረጋገጥ ጊዜ ሊወስድ ስለሚችል ለመጨረሻው ቀን አታቆዩት።

አሊፔይ የውጭ ቪዛና ማስተርካርድ ይቀበላል። ባንካችሁ የሰጣችሁ ካርድ በውጭ አገር በኢንተርኔት መክፈል ይችል እንደሆነ ከመነሳታችሁ በፊት ጠይቁ። ባይችልም ጉዞው አይቀርም፤ የጣቢያው መስኮት ጥሬ ገንዘብ ይወስዳል።

ደረጃ 2፦ ሰዓቱንና ቀኑን አስተካክሉ

ይህን ደረጃ በጥሞና አንብቡት። የኛን ሰው ከቋንቋው በላይ ባቡር የሚያስመልጠው ሰዓት ነው።

የቻይና ቲኬት በ24 ሰዓት ነው የሚጻፈው፣ ቀኑም ከእኩለ ሌሊት ይጀምራል። 08:40 የሚል ቲኬት ያየ ሰው ልምዱ ሆኖ «ስምንት ሰዓት ከአርባ» ብሎ ያነበዋል። ከምሳ በኋላ ተረጋግቶ ጣቢያ ሲደርስ ባቡሩ የሄደው ጠዋት ነው። 08:40 ማለት በኛ አቆጣጠር ጠዋት 2:40 ነው።

አቀያየሩ እንዲህ ነው።

- ከ07:00 እስከ 18:59 ያለውን 6 ቀንሱለት። 14:30 ቀን 8:30 ይሆናል።
- ከ19:00 ጀምሮ 18 ቀንሱለት። 19:05 ምሽት 1:05 ነው።
- ከ00:00 እስከ 06:59 ያለው ላይ 6 ጨምሩ። 00:30 ሌሊት 6:30 ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚሻለው ስልካችሁን ከዚህ ሳትነሱ በ24 ሰዓት ማድረግ ነው። ጉዞው እስኪያልቅ ድረስ በኢትዮጵያ ሰዓት አታስቡ። ቲኬቱ ላይ ያለውንና ስልኩ ላይ ያለውን ብቻ አመሳስሉ።

ቻይና ከኛ በ5 ሰዓት ትቀድማለች። ደሴ ላይ ቀትር 6 ሰዓት ሲሆን እዚያ 17:00 ነው። መላ አገሪቱ የምትሠራው በአንድ ሰዓት ስለሆነ ከከተማ ከተማ የሚለወጥ ነገር የለም።

ቀኑም የራሱ ወጥመድ አለው። ቲኬቱ ዓመት፣ ወር፣ ቀን ብሎ ነው የሚጽፈው፤ የሚጽፈውም በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ሌሊት ላይ የሚነሳ ባቡር ከሆነ ደግሞ በደንብ ተጠንቀቁ። ቀኑ 12 ሆኖ ሰዓቱ 00:10 ቢሆን፣ ጣቢያ መገኘት ያለባችሁ በ11ኛው ቀን ምሽት ነው። በ12ኛው ቀን ምሽት ብትሄዱ ባቡሩ ካለፈ አንድ ቀን ሊሞላው ነው።

ደረጃ 3፦ ባቡሩንና ጣቢያውን ምረጡ

የባቡሩ ቁጥር ፊት ያለው ፊደል ዓይነቱን ይነግራችኋል። «ጂ» የሚጀምረው ፈጣኑ ነው፤ በሰዓት 300 ኪሎ ሜትርና ከዚያም በላይ ይሄዳል። «ዲ» ከሱ ዝቅ ይላል። «ሲ» በቅርብ ከተሞች መካከል የሚመላለስ ነው። «ዜድ»፣ «ቲ» እና «ኬ» መደበኛ ባቡሮች ናቸው። እነሱ ርካሽ ናቸው፣ አልጋ ያላቸውም አሉ፤ መንገዱን ግን ያረዝሙታል። ለመጀመሪያ ጊዜ የምትሄዱ ከሆነ «ጂ» ወይም «ዲ» ያዙ። ማስታወቂያቸው በእንግሊዝኛም ይነገራል፤ የሚቀጥለው ጣቢያ ስምም በስክሪን ይታያል።

ቀጥሎ ጣቢያው። አንድ ትልቅ ከተማ ብዙ ጣቢያ አለው፤ በጣቢያዎቹም መካከል ብዙ ኪሎ ሜትር ሊኖር ይችላል። የሚለያቸው ከከተማው ስም ጀርባ የምትቀጠለው አጭር ቃል ናት፦ «ዶንግ» ምሥራቅ፣ «ሺ» ምዕራብ፣ «ናን» ደቡብ፣ «ቤይ» ሰሜን። ጓንዡ ዋናው ጣቢያ፣ ጓንዡ ዶንግ፣ ጓንዡ ናንና ጓንዡ ባይዩን አራቱም የተለያዩ ቦታዎች ናቸው። አውሮፕላን ማረፊያውም ባይዩን ስለሚባል ታክሲ ስትይዙ ባይዩን ብቻ ብላችሁ አትናገሩ፤ ሌላ ቦታ ሊያወርዳችሁ ይችላል።

ብዙዎቹ ፈጣን ባቡሮች የሚነሱት ከጓንዡ ናን ነው። ሙሉ ስሙን በቻይንኛ የሆቴሉ ሠራተኛ ማስታወሻችሁ ላይ እንዲጽፍላችሁ ጠይቁ። ስሙን በአፍ ለማለት አትድከሙ። ቻይንኛ ድምፁ ትንሽ ከተለወጠ ትርጉሙ ስለሚለወጥ ተናግሮ ካለመግባባት ጽሑፉን ማሳየት ይሻላል።

ጊዜ ካላችሁ አንድ ነገር ልምከር። ረጅሙን መንገድ ከመሄዳችሁ በፊት ከጓንዡ ናን ሸንዠን ቤይ ደርሳችሁ ተመለሱ። መንገዱ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ፈጣኑ ባቡር ግማሽ ሰዓት አካባቢ ይፈጅበታል። በሩን፣ ፍተሻውን፣ ሰሌዳውን ሁሉ ያለ ጭንቀት ታዩታላችሁ። ዪዉ የሚወስደው ባቡር ግን በፈጣኑም 6 ሰዓት አካባቢ ነው፤ እሱን ለመለማመጃ አታድርጉት።

ደረጃ 4፦ ቲኬት ግዙ

ቲኬት ለሽያጭ የሚቀርበው ከመነሻው 15 ቀን ቀደም ብሎ ነው። በአዘቦት ቀን ሁለት ሦስት ቀን ቀደም ማለት ይበቃል። የቻይና አዲስ ዓመት በሚውልበት ጥርና የካቲት፣ ከሜይ 1 ጀምሮ ባሉት ቀናትና ከኦክቶበር 1 ጀምሮ ባለው ሳምንት ግን አገሩ በሙሉ መንገድ ላይ ነው። በእኛ ሲሰላ ሚያዝያ 23 እና መስከረም 21 አካባቢ ማለት ነው። በነዚህ ቀናት ባቡር ላይ የተመሠረተ ዕቅድ አታውጡ።

የምትገዙባቸው መንገዶች ሦስት ናቸው።

በ12306 ከገዛችሁ ዋጋው የመንግሥት ዋጋ ነው፣ ጭማሪ የለውም። እንደ ትሪፕ ዶት ኮም ባሉ የጉዞ መተግበሪያዎች ሲሆን ቀለል ይላል፤ የአገልግሎት ክፍያ ግን ይጨምራል። ሦስተኛው የጣቢያው መስኮት ነው። ወጥታችሁ መስኮቱ ጋ ከመሰለፋችሁ በፊት ማስታወሻችሁ ላይ ይህን ጻፉ፦ ቀን፣ የባቡር ቁጥር፣ መነሻ፣ መድረሻ፣ ስንት ሰው፣ የመቀመጫ ደረጃ። ወረቀቱን ከፓስፖርቱ ጋር አብራችሁ በመስኮቱ አሳልፉ። ቃል ሳትናገሩ ትገዛላችሁ።

ከመክፈላችሁ በፊት ሁለተኛ ደረጃ የሚለው ጎን «መቀመጫ የለም» የሚል እንዳይሆን እዩ። ቻይና ውስጥ ቁሞ መሄጃ ቲኬት ይሸጣል፤ በፈጣኑ ባቡር ዋጋውም ከሁለተኛ ደረጃ መቀመጫ ጋር እኩል ነው። ለ30 ደቂቃ ችግር የለውም። ለ6 ሰዓት ግን እግር ያብጣል።

ከ6 ዓመት በታች የሆነ አንድ ልጅ ከአዋቂ ጋር ያለ መቀመጫ በነፃ ይሄዳል። ከ6 ዓመት ጀምሮ 14 እስኪሞላው ደግሞ የልጅ ቅናሽ አለው።

ጉዞው ቢሰረዝባችሁ ቲኬቱን ቶሎ መልሱ። ከመነሻው 8 ቀንና ከዚያ በላይ ሲቀር ቅጣት የለም። ከዚያ በኋላ ከ48 ሰዓት በላይ ከቀረ 5 በመቶ፣ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ከቀረ 10 በመቶ፣ ከ24 ሰዓት ካነሰ 20 በመቶ ይቆረጣል።

ደረጃ 5፦ ቲኬቱን በስክሪን ላይ አንብቡ

አሁን የወረቀት ቲኬት የለም። ስማችሁ ከፓስፖርት ቁጥራችሁ ጋር በኮምፒውተር ተመዝግቧል፣ ቲኬቱ ራሱ ፓስፖርቱ ነው። መስኮት ላይ ወረቀት ቢሰጧችሁም ለማስታወሻ ነው እንጂ በር አይከፍትም።

ቢሆንም የግዢውን ስክሪን ፎቶ አንሱትና ስልካችሁ ላይ አስቀምጡ። ኢንተርኔት ቢቋረጥ የምታዩት እሱን ነው። ስክሪኑ ላይ የሚከተሉትን ፈልጋችሁ ደብተራችሁ ላይ በራሳችሁ እጅ ገልብጡ።

በስተግራ መነሻ ጣቢያ፣ በስተቀኝ መድረሻ ጣቢያ አለ። መካከል ላይ የባቡሩ ቁጥር ይኖራል፤ «ጂ» ብሎ ከዚያ ቁጥር። ሥሩ ቀንና ሰዓት ናቸው። ቀጥሎ ሁለት አሐዝ ያለው የፉርጎ ቁጥር ይመጣል፣ 06 እንበል። ከሱ ጎን የመቀመጫው ቁጥር ነው፤ 12 ብሎ «ኤፍ» ካለ 12ኛው ረድፍ፣ «ኤፍ» መቀመጫ ማለት ነው።

በሁለተኛ ደረጃ በአንድ ረድፍ አምስት መቀመጫ አለ፦ «ኤ»፣ «ቢ»፣ «ሲ» በአንድ ወገን፣ «ዲ» እና «ኤፍ» በሌላው። «ኢ» የሚባል የለም፣ አትፈልጉት። መስኮት የሚያገኙት «ኤ» እና «ኤፍ» ናቸው። ቶሎ ቶሎ መነሳት የሚፈልግ ሰው «ሲ» ወይም «ዲ» ይያዝ።

ደረጃ 6፦ ወደ ጣቢያ ሂዱ

ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ ባቡሩ ከሚነሳበት አንድ ሰዓት ተኩል ቀድማችሁ ጣቢያው በር ላይ ሁኑ። እንደ ጓንዡ ናን ያለ ጣቢያ ስፋቱ የአውሮፕላን ማረፊያ ያህል ነው፤ ከሜትሮ (ከከተማው ውስጥ ባቡር) ወርዶ መጠበቂያው አዳራሽ መድረስ ብቻውን ጊዜ ይበላል።

የኛ ነጋዴዎች የሚያርፉበት ሺያውቤይ ሰፈር ከሆናችሁ ሜትሮ መስመር 5 ይዛችሁ ጓንዡ ዋናው ባቡር ጣቢያ ውረዱ። እዚያ ወደ መስመር 2 ተሻገሩና እስከ መጨረሻው ሂዱ። መጨረሻው ጓንዡ ናን ነው። ሳንዩዋንሊ ያረፈ ሰው መስመር 2ን እዚያው ያገኛል፤ መቀየር አያስፈልገውም። ዕቃ ከበዛባችሁ ታክሲ ይሻላል፤ ሹፌሩን የጻፋችሁትን ስም አሳዩት።

ደረጃ 7፦ ፍተሻውን እለፉ

መግቢያው ላይ ፓስፖርት ይታያል። ቻይናውያኑ መታወቂያቸውን ማሽን ላይ አስነክተው ያልፋሉ። ማሽኑ ፓስፖርታችሁን ካላነበበላችሁ አትታገሉት፤ ዳር ላይ ሰው የቆመበት መተላለፊያ አለ፣ ወደሱ ሂዱ። ከዚያ ሻንጣው በማሽን፣ ሰው በፍተሻ በር ያልፋል።

የሚያስቆሙ ነገሮች እነዚህ ናቸው። ቢላዋ፣ የፍራፍሬ መላጫ ትንሿም ብትሆን ታስጠይቃለች። ከ120 ሚሊ ሊትር በላይ የሆነ የፀጉር ወይም የብብት ስፕሬይ አይገባም። ቤንዚንና የሚቀጣጠል ነገር ሁሉ ክልክል ነው። ምልክት የሌለው አልኮልም አያልፍም፤ ለዘመድ ብላችሁ በሃይላንድ የያዛችሁት አረቄ እዚያው ይቀራል። በርበሬና ሽሮ የያዘ ሰው በደንብ የታሸገና ውስጡ የሚታይ ይሁን። ምን እንደሆነ ሲጠየቅ ከፍቶ ማሳየት እንዲችል ከሻንጣው ላይኛው ክፍል ያስቀምጠው።

ለአዋቂ የተፈቀደው ሻንጣ 20 ኪሎ ነው። በፈጣን ባቡር ደግሞ ርዝመቱ፣ ስፋቱና ከፍታው ሲደመር ከ130 ሳንቲ ሜትር መብለጥ የለበትም። ከገበያ የገዛችሁትን ዕቃ በባቡር ይዛችሁ ለመዞር አትሞክሩ። የካርጎ ወኪል ስጡት፤ እናንተ ናሙናውን ብቻ ያዙ።

ደረጃ 8፦ በራችሁን ፈልጉና ጠብቁ

ደሴ መናኸሪያ ውስጥ ረዳቱ የሚሄድበትን አገር እየጠራ መንገደኛውን ራሱ ይፈልገዋል፤ መኪናውም ሳይሞላ አይነሳም። እዚህ የሚጠራችሁ የለም፣ የሚጠብቃችሁም የለም። የሚጠራው ሰሌዳው ነው።

አዳራሹ ውስጥ ትልቅ የኤሌክትሪክ ሰሌዳ አለ። በየመስመሩ የባቡር ቁጥር፣ መድረሻ፣ ሰዓትና የበር ቁጥር ይሰፍራል። የባቡራችሁን ቁጥር ብቻ ፈልጉ። መድረሻው ሌላ ከተማ ቢሆን አትደንግጡ። ሰሌዳው የሚጽፈው ባቡሩ የሚቆምበትን የመጨረሻውን ከተማ ነው፣ እናንተ የምትወርዱት መንገድ ላይ ሊሆን ይችላል። ቁጥሩ ከተመሳሰለ ያው የናንተ ነው።

በሩ 12 ሆኖ «ኤ» ወይም «ቢ» ሊጨመርበት ይችላል። ሁለቱም የሚያወርዱት እዚያው ባቡር ጋ ነው፣ በተለያየ ጫፍ ብቻ። በሩ አጠገብ ተቀመጡ፤ ሰሌዳውን ግን በየጊዜው ቀና ብላችሁ እዩት፣ በር የሚቀየርበት ጊዜ አለ።

በሩ የሚከፈተው ባቡሩ ሊነሳ 15 ወይም 20 ደቂቃ ሲቀረው ነው። የሚዘጋው ከመነሻው ሰዓት ጥቂት ደቂቃ ቀድሞ ነው። ይህን ልብ በሉ፦ 10:00 የሚነሳ ባቡር ላይ 09:58 የደረሰ ሰው ባቡሩን በዓይኑ እያየ ይቀራል። በሩ ላይም ማሽኑ ፓስፖርት ካላነበበ ሰው ወዳለበት ዳር ሂዱ።

ወደታች ስትወርዱ የፉርጎ ቁጥሮች መሬት ላይ ተጽፈው ወይም ከላይ ተንጠልጥለው ታገኛላችሁ። ፉርጎ 06 ከሆናችሁ 06 ያለበት ቁሙ፤ በሩ እዚያው ፊታችሁ ይመጣል። አንዳንድ ጣቢያ ቁጥሮቹ በተለያየ ቀለም ሁለት ሦስት ቦታ ይጻፋሉ። ግር ካላችሁ ዩኒፎርም ለለበሰ ሠራተኛ የቲኬቱን ፎቶ አሳዩ።

«የትም ገብቼ በውስጥ እሄዳለሁ» የሚለው ሐሳብ ሁልጊዜ አያዋጣም። ባለ 16 ፉርጎ የሆነው ባቡር አንዳንዴ ሁለት ባለ 8 ባቡር ተያይዞ የተሠራ ነው። ከፉርጎ 8 ወደ 9 መተላለፊያ የለውም። ከተሳሳተው ግማሽ የገባ ሰው ወደ መቀመጫው የሚሄደው በሚቀጥለው ጣቢያ ወርዶ፣ ሮጦ ነው።

ደረጃ 9፦ ባቡሩ ውስጥ

ትንሽ ሻንጣ ከራስ በላይ፣ ትልቁ በፉርጎው ጫፍ ባለው ቦታ ይቀመጣል። መቀመጫችሁ ላይ ሰው ካገኛችሁ ቲኬቱን አሳዩ፤ ያለ ክርክር ይነሳል።

በየፉርጎው ጫፍ የፈላ ውሃ የሚሰጥ ማሽን አለ። ነፃ ነው። ኩባያ ያዙ ያልኩት ለዚህ ነው። ሻይ ቅጠልና ስኳር ከቤት የያዘ ሰው መንገዱን ሙሉ ሻይ አያጣም። ቀይውን ቁልፍ ወይም የመቆለፊያውን ምልክት መጀመሪያ ካልነካችሁ ውሃው የማይወርድባቸው ማሽኖች አሉ፤ ከፊታችሁ ያለው ሰው የሚያደርገውን እዩ። ኩባያውን እስከ አፉ አትሙሉት፤ ውሃው የምር የፈላ ነው፣ መተላለፊያው ጠባብ ነው።

ለምግብ በሶ፣ ቆሎና ዳቦ ቆሎ የሚያህል የለም። ባቡሩ ላይ የሚሸጠው ሣጥን ምግብ አብዛኛውን ጊዜ የአሳማ ሥጋ አለበት። ጾም የሚጾምም፣ ሐላል የሚፈልግም ሰው ከቤቱ መያዙ ይበጀዋል። በከተማ ሐላል ምግብ ቤት የሚለየው «ቺንዠን» በሚል ጽሑፍ ነው፤ ብዙ ጊዜ በአረንጓዴ ይጻፋል።

ሲጋራ በፈጣን ባቡር ውስጥ የትም አይጨስም። ሽንት ቤትም፣ በፉርጎዎቹ መካከልም ቢሆን አይቻልም። የጭስ ማንቂያው ባቡሩን ፍጥነት ሊያስቀንሰው ይችላል። አጫሹን ፖሊስ ይቀጣዋል፤ ቲኬት ከመግዛትም ሊታገድ ይችላል።

መንገድ ላይ የምትወርዱ ከሆነ መድረሻ ሰዓታችሁ 10 ደቂቃ ሲቀረው ሻንጣችሁን ይዛችሁ በሩ አጠገብ ሁኑ። መካከለኛ ጣቢያ ላይ ባቡሩ 2 ደቂቃ ብቻ ሊቆም ይችላል። ስልካችሁ ላይ ማንቂያ ሙሉ፤ እንቅልፍ አይታመንም።

ደረጃ 10፦ ስትወጡ

ፓስፖርቱን ሻንጣ ውስጥ አትክተቱት። መውጫውም ላይ ይጠየቃል። ዪዉ ከወረዳችሁ ኦፊሴላዊውን የታክሲ ሰልፍ ያዙና የሆቴሉን ጽሑፍ አሳዩ። በር ላይ ክንድ ይዞ «ታክሲ፣ ታክሲ» የሚል ሰው ጋር አትሂዱ፤ ዋጋው መድረሻው ላይ ይቀየራል።

ባቡሩ ቢያመልጣችሁ

አዲስ ቲኬት ለመግዛት አትቸኩሉ። በዚያው ቀን ወደ ጣቢያው መስኮት ሂዱና ፓስፖርታችሁን ስጡ። ቦታ እስካለ ድረስ በዚያው ቀን በሚነሳ ሌላ ባቡር ይቀይሩላችኋል። ቃሉ «ጋይቺዬን» ነው፤ ቲኬት መቀየር ማለት ነው። መቀየር የሚቻለው አንድ ጊዜ ብቻ ስለሆነ የምትደርሱበትን ባቡር ምረጡ። ቀኑ ካለፈ ገንዘቡም አለፈ።

ብዙ ጊዜ የሚደረጉ ስህተቶች

*በአሮጌ ፓስፖርት ቁጥር መግዛት።* ፓስፖርት ያሳደሰ ሰው ቁጥሩ ተቀይሯል፤ 12306 ላይ ያለው ግን አሮጌው ነው። በሩ አይከፈትለትም። ካሳደሳችሁ መጀመሪያ እሱን አስተካክሉ።

*የሁሉንም ፓስፖርት አንድ ሰው መያዝ።* በቡድን ስትሄዱ አንዱ «እኔ ልያዝላችሁ» ይላል። በሩ ላይ ሰዎች ተለያይተው ሲሰለፉ አንዱ ገብቶ ሌላው ይቀራል። እያንዳንዱ የራሱን ይያዝ።

*ከጣቢያ ጣቢያ መቀየሪያ ጊዜ ማሳነስ።* በሁለት ባቡር የምትሄዱ ከሆነ ሁለቱም አንድ ጣቢያ ውስጥ መሆናቸውን አረጋግጡ። ሻንጋይ ሆንግቻው ወርዶ ከሻንጋይ ዋናው ጣቢያ የሚነሳ ባቡር የገዛ ሰው ከተማውን ማቋረጥ አለበት። በአንድ ጣቢያ ውስጥ ከሆነ ለጀማሪ አንድ ሰዓት፣ በሁለት ጣቢያ ከሆነ ሦስት ሰዓት ተዉ።

*የስልክ ባትሪ ማለቅ።* አድራሻውም፣ ክፍያውም፣ የቲኬቱ ፎቶም ስልኩ ውስጥ ነው። ደብተሩ ላይ በእጃችሁ ገልብጡ ያልኩት ለዚህ ነው።

*ሲጨነቁ ዝም ማለት።* ጣቢያ ውስጥ ዩኒፎርም የለበሰ ሰው አይጠፋም። የባቡር ቁጥራችሁንና ፓስፖርታችሁን አሳዩት፤ ብዙ ጊዜ እስከ በሩ ድረስ ይወስዳችኋል። ፖሊስ በ110፣ አምቡላንስ በ120፣ የባቡር መረጃ በ12306 ይደወላል። ፓስፖርት ከጠፋ መጀመሪያ ፖሊስ ጋ ሂዱና ማስረጃ ተቀበሉ፤ ከዚያ ጓንዡ ያለው የኢትዮጵያ ቆንስላ ወይም ቤጂንግ ያለው ኤምባሲ ጋ በኮፒው ትቀርባላችሁ።